ላዳ ቴስታታ ከተቀየረላት በኋላ ሙቀት ስታበዛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴስታታ ሲሊንደሮቹ ያሉበትን ብሎክ ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ ነው። እዚህ የተሰጡት ልኮች ከሞዴል 2101 እስከ 2107 ላሉት የቆዩ ላዳዎች ናቸው፤ ለሌላ መኪና አካሄዱ ይሠራል፣ ልኩ ግን የዚያው መኪና መሆን አለበት።

ሙቀት በዛ የሚባለው ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው?

የላዳ ሞተር ጤነኛ ሲሆን ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይሠራል። ውሃው ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት 80 አካባቢ መከፈት ይጀምርና 94 ገደማ ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ዳገት ላይ የሙቀት ጌጁ ቀስት ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ከተመለሰ በሽታ አይደለም። ወደ ቀዩ ገብቶ ካልተመለሰ፣ ወይም ቴስታታው ከመቀየሩ በፊት ይቆምበት ከነበረው ቦታ አልፎ መቆም ከጀመረ ግን የተበላሸ ነገር አለ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ። በ2300 ሜትር ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ላዳን ከዚህ የሚያድናት የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግማሽ ባር ያህል ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው 106 ዲግሪ አካባቢ ሳይደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ምንም ያልሆነ ሞተር በ92 ዲግሪ ይንተከተካል። ቀስቱ ቀዩን ሳይነካ ውሃ የምትተፋ ላዳ ብዙ ጊዜ የምትፈልገው ክዳን ብቻ ነው፤ ርካሹ ዕቃ ስለሆነ ግን ማንም መጀመሪያ አያስበውም።

መንገድ ላይ ቀስቱ ቀይ ቢገባ ምን ላድርግ?

የካቢን ማሞቂያውን ሙሉ ከፍተው ዳር ይያዙ። ውሃው ገና ካለ ሞተሩን በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ በሚዞርበት ፍጥነት) አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት፤ በድንገት ማጥፋት ሙቀቱን ቴስታታው ውስጥ ያስቀረዋል። ውሃው ፈሶ ካለቀ ግን ወዲያው ያጥፉ። ክዳኑን በጋለበት አይክፈቱ፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ እስኪጨመቅ ይጠብቁ። ባዶ በሆነ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት አልሙኒየሙን ቴስታታ ይሰነጥቀዋል፤ አዲሱን ቴስታታ በሳምንቱ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ብዙ ነገር ተነካክቷል፤ ፍተሻውን ከየት ልጀምር?

መቼ እንደምትሞቅ በማየት ይጀምሩ። ራዲያተር ከመግዛትዎ በፊት፣ ቴስታታውንም እንደገና ከማስፈታትዎ በፊት አንድ ቀን ልብ ብለው ይንዱና ይመዝግቡ። ጠዋት ተነሥታ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቀይ ከገባች አየር ታፍኗል፣ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም፣ ወይም የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። መንገድ ላይ ደህና ሆና ትራፊክ ውስጥ ስትቆም ብቻ ከሞቀች ቬንቲላተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ይመልከቱ። በተቃራኒው ቆማ ደህና ሆና ፍጥነት ወይም ዳገት ላይ ከሞቀች ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ የውሃ ፖምፓው ደክሟል፣ ወይም የእሳቱ ጊዜ (ነዳጁ የሚቀጣጠልበት ቅጽበት) ዘግይቷል።

ቴስታታው ከመቀየሩ በፊት ሙቀት ያልነበራት መኪና ከተቀየረ በኋላ ከሞቀች ጥፋቱን በተነካው አካባቢ ይፈልጉ፦ አየር፣ ጋስኬት (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ)፣ የብሎን ጥብቀት፣ ካቴና (የሞተሩ ሰንሰለት)፣ ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው)። ቴስታታው የተቀየረው ራሱ በሙቀት ምክንያት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ የድሮውን ቴስታታ ያጣመመው በሽታ አሁንም እዚያው መኪናው ላይ ነው፤ አዲሱ ቴስታታ ያንኑ ይወርሳል።

አየሩን እንዴት ነው የማስወጣው?

ቴስታታ ሲነሣ ውሃው ሁሉ ስለሚወርድ እንደገና ሲሞላ አየር ከላይ ይታፈናል። አየር የታፈነበት ቦታ ላይ ብረቱ ይግላል፤ የሙቀት ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ደግሞ ቀስቱ ዝም ብሎ ሞተሩ ሊፈላ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ ዳሽቦርዱ ውስጥም ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ ያቁሙ። የማሞቂያውን ቧንቧ ሙሉ ይክፈቱ። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ከተቀመጠበት ኮሌቶር (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ቧንቧ) ጋር የምትገናኝ ቀጭን የውሃ ቱቦ አለች፤ ክላምፗን አላልተው ይንቀሏት። አሁን በራዲያተሩ አፍ ቀስ ብለው፣ በቀጭኑ፣ ይሙሉ። መጀመሪያ ከተነቀለው በኩል ትንፋሽ ይወጣል፤ ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ አረፋ የሌለው ውሃ። ያኔ ቱቦዋን መልሰው ይግጠሟት። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልተው ይዝጉ፤ የማስፋፊያ ፕላስቲኩንም ከዝቅተኛው ምልክት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድርሱት።

ሞተሩን አስነሥተው ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ አድርገው ያሙቁት፤ በመሐል የላይኛውንና የታችኛውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ይዘው ይጭመቋቸው። የታችኛው ቱቦ ከሞቀና ማሞቂያው ትኩስ ከነፋ ተሳክቷል። ሲቀዘቅዝ የወረደውን ይሙሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ይዩት። ሁለት ሦስት ቀን ትንሽ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ መውረዱን ካላቆመ ግን አየር አይደለም፤ ውሃው የሚሄድበት ቦታ አለ።

ስንት ሊትር ይገባል? ውሃ ብቻ መሙላትስ ይቻላል?

ማሞቂያውን ጨምሮ 9.85 ሊትር ነው። ሲሞሉ የገባውን ይቁጠሩ። ሁሉንም አውርደው 7 ሊትር ብቻ ከተቀበለች ቀሪው አየር ነው፤ ወይም ብሎኩ ውስጥ ያልወረደ አሮጌ ውሃና ዝቃጭ አለ።

የቧንቧ ውሃ ለጊዜው ያደርሳል፤ ቋሚ መሆን ግን የለበትም። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ኩላንት በሌለበት አልሙኒየሙ በጋስኬቱ የውሃ ቀዳዳዎች ዙሪያ ይበላል፤ የተበላ ቦታ ላይ ደግሞ አዲስ ጋስኬት አይይዝም። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ በየሱቁ የባትሪ ውሃ የሚባለውን የተጣራ ውሃ (አሲዱን አይደለም) ይቀላቅሉ። ኩላንት የሚፈላበትንም ነጥብ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል።

ቀስቱ ቀይ ይነካል፣ ነገር ግን ውሃው አይፈላም፣ ሞተሩም የጋለ አይመስልም። ጌጁ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ቴስታታ ሲቀየር ሴንሰሩም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ አንዳንዴ ከሌላ መኪና የመጣ ሴንሰር ይገጠማል። ጥርሱ ስለገጠመ ልኩ ገጠመ ማለት አይደለም። የላዳው ሴንሰር በኦም መለኪያ ሲለካ 30 ዲግሪ ላይ ከ1350 እስከ 1880 ኦም፣ 90 ዲግሪ ላይ ከ155 እስከ 196 ኦም ያሳያል። ሻይ ማፍያ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አስገብቶ መለካት ይቻላል።

ቁልፉ ገና ሲዞር ቀስቱ ዘልሎ ቀይ ከገባ ሽቦው ከቦዲ ጋር ተነካክቷል፤ ከሙቀት ጋር ግንኙነት የለውም። ጥርጣሬውን ባንዴ የሚገላግለው በርቀት የሚለካ የሙቀት ቴርሞሜትር ነው። ውሃው ከቴስታታው የሚወጣበትን አንገት ላይ ያነጣጥሩ፤ የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ላይ በትክክል ስለማያነብ ቦታውን በጥቁር ቴፕ ይሸፍኑት።

ቴርሞስታቱን አውጥቼ ብጥለው አይሻልም?

ላዳ ላይ አይሻልም፤ ይብሳል። የላዳ ቴርሞስታት ሦስት አፍ ያለው፣ ከሞተሩ ውጭ በቱቦዎች መካከል የሚቀመጥ ነው። አንዱ አፍ ከራዲያተሩ ታች፣ አንዱ በቀጥታ ከቴስታታው ይቀበላል፤ ሦስተኛው ወደ ፖምፓው ይሰጣል። ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍትና አጭሩን መንገድ ይዘጋል። ሆዱን አውጥተው ከጣሉት አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። ውሃ ደግሞ የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል፤ ትኩሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ከቴስታታ ወደ ፖምፓ፣ ከፖምፓ ወደ ሞተር ይዞራል።

ለመፈተሽ ጠዋት በቀዝቃዛ ያስነሡና የራዲያተሩን የታችኛውን ቱቦ ይዳስሱ። ቀስቱ ከመካከል እስኪያልፍ ቀዝቃዛ ሆኖ ከዚያ በድንገት ከሞቀ ቴርሞስታቱ ይሠራል። ቀስቱ ቀይ ደርሶ ቱቦው አሁንም ከቀዘቀዘ አልተከፈተም፣ ወይም አየር አፍኖታል። ሲገጠም አፎቹ ተቀያይረውም ሊሆን ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት ቱቦዎቹን ይከተሉ።

ቆማ ብቻ ነው የምትሞቀው፤ ስትነዳ ደህና ናት።

ቬንቲላተሩ ነው። በቺንጋ (በቀበቶ) የሚዞረው ዓይነት ከሆነ ቺንጋውን በፖምፓውና በዲናሞው መካከል በአውራ ጣት በ10 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጫኑት፤ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ይንሸራተታል፤ ቬንቲላተሩ ብቻ ሳይሆን ፖምፓውም ይደክማል። ክንፎቹ ተገልብጠው መገጠማቸውም ያጋጥማል።

በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ሞቆ መነሣቱን፣ ከተነሣም ወዴት እንደሚነፋ ይዩ። አየሩን በራዲያተሩ በኩል ወደ ሞተሩ መሳብ አለበት። ሁለቱ ሽቦዎች ከተቀያየሩ ወደ ፊት ይነፋል፤ መኪናዋ ስትሄድ የሚመጣውን ነፋስ ይገፋል። አንድ ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ቢይዙ መልሱን ያገኛሉ፤ ወረቀቱ መለጠፍ አለበት።

ጋስኬቱ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እያስገባ መሆኑን ቴስታታው ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል፤ ሳያረጋግጡ ማስፈታት ብር መጣል ነው። መጀመሪያ በእጅ ይፈትኑ፤ ሌሊቱን ያደረ ሞተር አስነሥተው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛውን ቱቦ ይጭመቁ። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ቱቦው እንደ እንጨት ከጠነከረ፣ ያንን ግፊት የፈጠረው ሙቀት ሳይሆን የቃጠሎ ጋዝ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ ያሳያል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቺንጋውን ያላሉ፤ ፖምፓው እንዳይዞር። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልተው ክፍቱን ይተዉና ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ያስነሡ፤ የጋዝ ፔዳሉን ጠብ እያደረጉ ይመልከቱ። የቀረ አየር ጥቂት ትልልቅ አረፋ ሰጥቶ ያቆማል። ጋስኬቱ የተበሳ ከሆነ ግን ጥቃቅን አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፣ የጋዝ ፔዳሉን ሲረግጡም ይባባሳል። በጋራዥ ካለ ደግሞ ሰማያዊው የመመርመሪያ ፈሳሽ የራዲያተሩ አፍ ላይ ተይዞ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ክርክር አይኖርም።

ካንዴላዎቹንም (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ያውጧቸው። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ በእንፋሎት የታጠበ ያህል ከነጣ ውሃው በዚያ ሲሊንደር እየገባ ነው። በዘይቱ ክዳን ሥር የሚታይ ወተት መሰል ነገር ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና በብርድ ጠዋት ይህንኑ ታሳያለች። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ከታየ ነው የሚያሳስበው።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ሲለካ 8 ባር ብቻ አሳየ፤ መጽሐፉ ከ10 በላይ ይላል። ሞተሩ አለቀ?

የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ጌጁም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ እዚያ 11 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 8 እና 9 መካከል ቢያሳይ ጤነኛ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ወደ ሬቲፊካ (ሞተር ማደሻ) የተላከ ሞተር ጥቂት አይደለም።

መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ፣ ለምሳሌ 8.5፣ 5፣ 5፣ 8.5፣ በመካከላቸው ጋስኬቱ ተቃጥሏል። አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ጋዙ ሙሉ ተረግጦ ይለካ።

ሁሉም የላዳ ጋስኬት አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። በ2101 (1200) እና በ2103 (1500) ብሎክ ላይ የሲሊንደሩ ስፋት 76 ሚሊ ሜትር ነው። በ21011 እና በ2105 (1300)፣ በ2106 (1600) ደግሞ 79። የብሎን ቀዳዳዎቹ ስለሚገጥሙ የ76ቱ ጋስኬት 79 ብሎክ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የብረት ቀለበቱ ዙሪያውን 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወጣል፣ ይግላል፣ ነዳጁን ያለ ካንዴላ ያቀጣጥላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። የ79ኙ በ76 ላይ ቢገባ ያን ያህል ጉዳት የለውም፤ ኮምፕሬሽን በጥቂቱ ይቀንሳል።

መኪናዋ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አይመኑ፤ በዚህ ዕድሜ ሞተሩ ስንቴ እንደተቀየረ አይታወቅም። የሞተሩ ሞዴል ብሎኩ ላይ፣ ከዘይት ፊልትሮው በላይ ተመትቷል። ጋስኬቱን ሲያስቀምጡ እያንዳንዱን የውሃ ቀዳዳና ወደ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ወደሚከፍተው ዘንግ) ዘይት የሚያወጣውን ቀዳዳ ከብሎኩ ጋር ያስተያዩ። አንዳንዱ የውሃ ቀዳዳ ጋስኬቱ ላይ ሆን ተብሎ ጠቧል፤ ውሃው ወደ ኋለኞቹ ሲሊንደሮች እንዲደርስ የሚያደርገው ያ ነው። በመሰርሰሪያ አያስፉት። ሲሊኮንም አይቀቡ፤ ተጨምቆ የሚወጣው ትርፍ ራዲያተሩ ውስጥ ነው የሚያርፈው።

ብሎኖቹ በምን ቅደም ተከተልና በስንት ኪሎ ይጠብቃሉ?

ከመሐል ወደ ዳር፣ በመስቀል፣ በሁለት ዙር። አሥሩ ትልልቅ ብሎኖች መጀመሪያ ከ33 እስከ 41 ኒውተን ሜትር (ከ3.4 እስከ 4.2 ኪሎ)፣ ቀጥሎ ከ96 እስከ 118 (ከ9.8 እስከ 12.1 ኪሎ) ይጠብቃሉ። በዲስትሪቢውተሩ በኩል ያለችው አሥራ አንደኛዋ ትንሽ ብሎን መጨረሻ ላይ ከ31 እስከ 39 ብቻ። ብዙ ጊዜ የምትረሳው እሷ ናት። ይህ በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) እንጂ በክንድ አይሠራም፤ «ጥብቅ ብሏል» ማለት ልክ አይደለም።

ከመጥበቁ በፊት የብሎኩን ቀዳዳዎች በኮምፕሬሰር ይንፉ። ቀዳዳው ታች ድፍን ስለሆነ ውስጡ የቀረ ውሃ ወይም ዘይት መውጫ የለውም፤ ብሎኑ ሲወርድ ቶርክ ቁልፉ ይጮሃል፣ ቴስታታው ግን አልተጫነም፤ ሲብስም ብሎኩ ይሰነጠቃል። የብሎኑን ጥርስ በዘይት በስሱ ይቀቡ፣ የተሳበውን ከአዲስ ጋር አስተያይተው ይጣሉት። ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ በዚያው ቅደም ተከተል እንደገና ይጠብቅ።

ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተላጭቷል። ይህ ሙቀት ያመጣል?

ትንሽ መላጨት አያመጣም። ቀጥ ያለ ብረት ፊቱ ላይ አጋድመው 0.1 ሚሊ ሜትር የክፍተት መለኪያ ቅጠል ከሥሩ ከገባ መላጨት አለበት። ችግሩ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የተላጨው ነው። በ1600ው ሞተር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲነሣ የቃጠሎው ክፍል በግምት 4 ሲሲ ይጠብና የኮምፕሬሽን ሬሾው ከ8.5 ወደ 9 አካባቢ ይወጣል። ያኔ በደካማ ቤንዚን ሞተሩ ዳገት ላይ ይንኳኳል፤ መንኳኳት ደግሞ ሙቀት ነው።

ሌላው ብዙ የማይነሣው ነገር፣ ቴስታታው ዝቅ ባለ ቁጥር ካምሻፍቱ ይዘገያል። 1 ሚሊ ሜትር ሲላጭ ካምሻፍቱ 1 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ብቻውን አያፈላም፤ ከዘገየ እሳት ጋር ሲደመር ግን ይታያል።

ውሃው፣ ጋስኬቱ፣ ቬንቲላተሩ ሁሉም ደህና ነው፤ ዳገት ላይ ግን ትሞቃለች፣ ጉልበትም የላትም።

የእሳቱን ጊዜ (አንቲቺፖውን) ይዩ። ካቴና ባላቸው ላዳዎች ላይ (የ2105 ሞተር በቀበቶ ነው የሚሠራው) ካቴናው ካምሻፍቱን ብቻ ሳይሆን ዲስትሪቢውተሩን የሚያዞረውንም አጭር ዘንግ ይዞ ነው የሚሄደው። ቴስታታ ሲነሣ ካቴናው በሽቦ ካልታሰረ ይወድቅና ያ ዘንግ ይዞራል። መካኒኩ የካምሻፍቱን ምልክት በትክክል ገጥሞ ቢዘጋው እንኳ እሳቱ ዘግይቶ ይቀራል። የዘገየ እሳት ነዳጁን ፒስተኑ ወርዶ የጭስ ቫልቩ ሲከፈት ያቃጥለዋል፤ ጉልበት መሆን የነበረበት ሙቀት በቴስታታው የጭስ መውጫ በኩል ያልፋል፤ ራዲያተሩ ያንን ሁሉ ማቀዝቀዝ ይጠበቅበታል። የጭስ ኮሌቶሩ ማታ ላይ ቀልቶ ከታየ ይህ ነው።

የፊተኛው ሽፋን ላይ ሦስት ምልክቶች አሉ፤ ረጅሙ 0፣ መካከለኛው 5፣ ሦስተኛው 10 ዲግሪ። የክራንኩን (የዋናውን ዘንግ) ፑሊ ምልክት ከረጅሙ ጋር ሲያገጥሙ የካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለው ነጥብ ከመያዣው ጉብታ ጋር መግጠም አለበት። እሳቱን በመካከለኛው ምልክት ይጀምሩና በስትሮብ መብራት፣ የዲስትሪቢውተሩን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለው፣ በሚኒሞ ያረጋግጡ። ከዚያ መንገድ ላይ፣ በአራተኛ ማርሽ በ50 ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩ ሞቆ ጋዙን ይርገጡ፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ያህል ተንኳክቶ ከጠፋ ልኩ ነው። ጭራሽ ካልተንኳኳ ዘግይቷል፤ ካላቆመ ቀድሟል። የቫልቩን ክፍተትም በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። ክፍተት ያጣ የጭስ ቫልቭ መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስረከብ አይችልም፤ ይቃጠላል።

አዲስ አበባ ላይ ምንም አትልም፤ ወደ አዋሽ ስወርድ ወይም ከአባይ በረሃ ስወጣ ግን ትፈላለች። ለምን?

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀንም ሆነ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ በሁለተኛ ማርሽ፣ በሙሉ ጋዝ፣ በቀስታ ይኬዳል። ሞተሩ ብዙ ይሠራል፣ ነፋስ የለም፣ ከሥር ያለው አየርም ትኩስ ነው። ከተማ ውስጥ የማይታወቅ ግማሽ የተደፈነ ራዲያተር እዚህ ይጋለጣል። በርቀት ቴርሞሜትሩ የራዲያተሩን ፊት ሞተሩ በሞቀበት ይቃኙ፤ ትኩስና ቀዝቃዛ ቦታ ተቀላቅሎ ካገኙ ቀዝቃዛው የተደፈነው ነው።

የቆላው ጉዳይ ግን ካርቡሬተሩ ነው። ለደጋው ስስ አየር ሲባል ጂግለሩ (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) በትንሽ የተተካ ወይም በጣም የቆጠበ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ በትክክል ይሠራል። ወደ 1000 ሜትር ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ያግላል። በዚያ ላይ የተላጨ ቴስታታ ካለ ደጋው ላይ ያልተሰማው መንኳኳት ቆላው ላይ ይጀምራል። ወርደው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ ካንዴላ ያውጡ፤ እንደ አመድ ከነጣ ቤንዚኑ አንሷል። ጂግለሩን አንድ ደረጃ ማስፋት፣ አንቲቺፖውንም ሁለት ዲግሪ ያህል መመለስ ይበቃል።

ሁሉንም አይቻለሁ። አሁንም ትሞቃለች።

እንግዲህ ቴስታታው ራሱ ይጠርጠር። «አዲስ» ተብሎ የተሸጠ ብዙ ቴስታታ ተሰንጥቆ በአርጎን የተበየደ ነው። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ ቫልቮች መቀመጫ መካከል ይገኛል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ስለዚህ በቀዝቃዛ መፈተሽ ዋጋ የለውም። የውሃ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ ትኩስ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ከ1.5 እስከ 2 ባር አየር ይሰጠው፤ አንድ ደቂቃ ተኩል አረፋ ካላወጣ ይግጠም። ከመገጠሙ በፊት ባትሪ አብርተው ሁሉንም የውሃ መንገድ ይመልከቱ፤ የመቅለጫ አሸዋ፣ የብየዳ ጠብታ፣ በፍቺ ጊዜ የተወተፈ ጨርቅ ይገኝበታል።

ፖምፓውንም ይፍቱት። በክንፉና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.9 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ከሰፋ ውሃውን ከመግፋት ይልቅ ያንቦጫርቀዋል። ክንፉ ዘንጉ ላይ ላልቶ በባዶ የሚዞርም አለ።

የቀረው ብሎኩ ነው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ የጠጣ ብሎክ በአራተኛው ሲሊንደር ዙሪያ ዝገትና ኖራ ይቋጥራል፤ የማውረጃውን ብሎን ሲፈቱ ውሃ ካልወጣ ምልክቱ ይህ ነው፤ በሽቦ ይቆርቁሩት። ከዚያ በሊትር ከ20 እስከ 30 ግራም የሎሚ አሲድ በጥብጠው፣ በጠቅላላው ሩብ ኪሎ ገደማ፣ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል በሥራ ሙቀት ያቆዩትና ያውርዱት፤ አልሙኒየም ስለሚነካ ሌሊቱን አያሳድሩት። ራዲያተሩን ነቅለው ከታች ወደ ላይ በቱቦ ውሃ ይልቀቁበት፤ ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ያጥቡ፤ ኩላንቱን ከዚያ በኋላ ነው የሚሞሉት።